የሐዲጃ ዓይን በሚላኖ ሱቅ

ሃጂራ ኡዘይር ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዳ ያደገች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪ ሚላኖ ከሄደች ሰባት ወሯ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጣሊያንኛዋ ከሰላምታ ብዙም አላለፈም። ቢሆንም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡትን ማኪናና ፌርማታን፣ ቦርሳና ካልሲን ከቤቷ ይዛቸው ስለሄደች፣ "ግማሹን ቋንቋ በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ" እያለች ጓደኞቿ ላይ ትኮራለች።

አክስቷ ሐዲጃ ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሴት ቦርሳ ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችላት።

"አንች ልጅ፣ ዛሬ ትምህርት አለሽ?"

"የለኝም አክስቴ።"

"ሸጋ። እንግዲያው ሂጅና ያን ዋናውን ቦርሳ አሳይኝ። አምሳያውን ስሸጥ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እናቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም።"

"እሱ የሚሸጥበት ሰፈር እኮ የሀብታም ነው። ዝም ተብሎ አይገባም።"

"ምነው? አጥር አለው?"

አጥር የለውም። ሃጂራም ሌላ ምክንያት አላገኘችም። አብራት ከምትኖረው ልጅ የሐር ሻርፕና ጥቁር መነጽር ተዋሰች። ሻርፑን እንደ ሂጃብ ጠቅልላ መስታወት ፊት ቆመችና የሀብታም ፊት ተለማመደች። ብዙ ካሰበች በኋላ ምስጢሩ አለመሳቅ እንደሆነ ደረሰችበት። ምሳዋን፣ በርበሬ የበዛበት እንቁላል በዳቦ፣ ጠቅልላ አሮጌው የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። በየመስኮቱ አንዳንድ ጫማ፣ ጓደኛው የጠፋበት ይመስል፣ ብቻውን መብራት በርቶለት ተቀምጧል። የተጻፈ ዋጋ የለም። ካፖርት የለበሰች ትንሽ ውሻ በአጠገቧ አለፈች። ሃጂራ የውሻዋን ካፖርት አየች፤ የራሷንም አየች፤ መነጽሯን አስተካክላ፣ አሮጌ ቦርሳዋንም ካፖርቷ ሥር ሸሽጋ መንገዷን ቀጠለች።

የቦርሳው ሱቅ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሻርፑንና መነጽሩን አይቶ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣች የሀብታም ልጅ ሳትመስለው አልቀረችም፤ በሩን እጅ ነስቶ ከፈተላት። ውስጥ ነጭ ጓንት ያደረገች ኦርኔላ የምትባል ሻጭ ተቀበለቻት።

"ቦርሳ" አለች ሃጂራ። ከምታውቃቸው ቃላት እዚህ የሚጠቅመው እሱ ነበር፤ ሥራውንም ሠራ።

ኦርኔላ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፋ አምጥታ ቬልቬት ላይ አስቀመጠችው። ሃጂራ ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። "ለአክስቴ በስልክ ላሳያት? ነጋዴ ናት። እሷ ካላየች አይሆንም።"

"እርግጥ ነው። አክስትሽ ቦርሳ ይወዳሉ?"

"በጣም። ሦስት መቶ የሚሆን አላት።"

ይህ እውነት ነው። ጎንደር ባለው ሱቋ ውስጥ ተደርድረዋል። የኦርኔላ ዓይኖች ግን ፈጠጡ። ወዲያው ወንበር መጣ፣ ውሃ መጣ፣ ቸኮሌትም መጣ።

ሐዲጃ ስልኩ ላይ ብቅ እንዳለች ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። "ገልብጭው። ከላይ ማንም ያሳምረዋል፤ ሆዱን አሳይኝ። ወደ ግራ። ቆይ! ያ ስፌት ምነው ተንጋደደ?"

"የቱ?"

"ከእጀታው ሥር! ዓይን የለሽም?"

ሃጂራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረጎመች። ኦርኔላ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ሥራ አስኪያጁን ጠራችው። ጸጉሩ የሸበተ፣ አለባበሱ ጥንቅቅ ያለ ሰው ማጉያ መነጽር ይዞ መጣ። ሦስት ስፌት ከመስመሩ ወጥቷል። ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ፤ ቦርሳውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባና ሌላ ይዞ ተመለሰ።

ሐዲጃ ሁለተኛውንም አስገላብጣ ፈተሸችው። "ይሄ ሸጋ ነው። ስንት ነው በያት።"

ዋጋውን ስትሰማ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። 

"በዚህ ገንዘብ ሳንጃ ቆላ ተወርዶ የአንድ ማሳ ሰሊጥ ከነጆንያው ይገዛል" አለች ሐዲጃ። "ያቺን ልጅ የመጨረሻውን ንገሪኝ በያት።"

"ምን አሉ?" አለች ኦርኔላ።

"ታስብበታለች" አለች ሃጂራ።

ሥራ አስኪያጁ ስለተበላሸው ስፌት ይቅርታ ጠይቆ፣ የቦርሳዎቹን ሥዕል የያዘ መጽሔት በትልቅ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ እጀታውን በሐር ጥብጣብ አስሮ ሰጣት። የሱቁ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል።

ሃጂራ ምሳዋን ወደዚያ ከረጢት አዛወረች፤ አሮጌውን ቦርሳዋንም አጣጥፋ ከሥሩ ደበቀችው። ከዚያ በኋላ የተዘጋባት በር አልነበረም። አንዱ ሱቅ ሦስት ካፖርት አስለካት። ሌላው ቡና በቁራሽ ብስኩት አቀረበላት። ሽቶ ቤት ስትገባ ሻጩ አፍንጫውን አንስቶ አሸተተ።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ የተቀቡት ምንድን ነው? እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም።"

ሃጂራ ከረጢቱን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች። "የአገሬ ነው። በርበሬ ይባላል።"

ሰውየው ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግሞ በትንሽ ወረቀት ጻፈው። እሷም ሳቋን ጥርሷ ላይ ይዛ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ራብ አሸነፋትና አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን አወጣች። ገና አንዴ እንደ ጎረሰች ከፊቷ ሰው ቆመ። ኦርኔላ ናት፤ ለምሳ ወጥታለች። ከረጢቱን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ ከሥር ብቅ ያለውን አሮጌ ቦርሳም አየች።

"ሦስት መቶ ቦርሳ?" አለች።

"አላት እኮ። ሱቅ ነው ያላት።" ሃጂራ አንገቷን ደፋች። "አልዋሸሁም። ጎደል አድርጌ ነው የነገርኩሽ።"

ኦርኔላን ሳቅ አመለጣት። ቁጭ አለች፣ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። "ያ ሥራ አስኪያጅ እያንዳንዱን ቦርሳ ራሴ እፈትሻለሁ እያለ ዘጠኝ ዓመት አሰልችቶናል። ዛሬ ጓዳ ገብቶ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ነው የዋለው። እኔ እንደሆነ እዚያ ሠርቼ አንድም ገዝቼ አላውቅም።"

ሃጂራ የዳቦውን ግማሽ ሰጠቻት። ኦርኔላ በርበሬው ዓይኗን እያስለቀሳት እስከ መጨረሻው በላችው። አክስትሽን ዳግም ካላገናኘሽኝ ብላም ስልኩን አስደወለች።

"ሻጯ ናት?" አለች ሐዲጃ። "እጇ ሸጋ ነው፣ ዕቃ መያዝ ታውቃለች። ሥራ ከጠላች እኔ ዘንድ ትምጣ በያት።"

ኦርኔላ ጎንደር አልሄደችም። ግን ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ለሃጂራ ጣሊያንኛ ታስተምራታለች። መጀመሪያ ያስጠናቻት ዓረፍተ ነገር "ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት" የሚለው ነው።