በሐረጎ ቁልቁለት የምታንኳኳው ፒካፕ

ማክሰኞ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድነው የአባቴን አሮጌ ፒካፕ ለማስመርመር ነው። ሞተሯ ውስጥ አንድ ድምፅ ነበር፤ በር በጣት አንጓ እንደማንኳኳት ያለ፣ ቀጭንና ደረቅ። አቀበት ላይ ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ፣ አባቴ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ፣ ይመጣል። ሞተር የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ሌሎች ሲፈቱ ቆሜ በማየትና በስልኬ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ሰምቻለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አባቴ ሰይድ ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ጎመንና ካሮት ጭኖ ከተማው ውስጥ ሰኞ ገበያ የሚባለው ቦታ ያወርዳል። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ፒካፗ ከቆመች እሱም ይቆማል። ስለ ድምፁ ባነሳሁበት ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነበር፦ «አብሽር፣ ምንም የላትም።»

ያን ዕለት እናቴ በር ላይ ቆመች። «ሂድና አሳያት፤ ልጁ እኮ እንቅልፍ አጣ!» አለችው፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«አትጩሂብኝ» አላት። «እሄዳለሁ። ለመኪናዋ ሳይሆን ለዚህ ልጅ ጆሮ ስል።»

እኛ ቤት ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ከእኔ በቀር።

ሐረጎ

ከከተማው ስንወጣ ጭጋጉ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር አባቴ ማርሽ ቀነሰና እግሩን ከነዳጅ አነሳ። ድምፁ ወዲያው መጣ። ኩርባውን ጨርሰን ነዳጅ ሲሰጣት ጠፋ፤ በሚቀጥለው ኩርባ ተመለሰ። አባቴ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ድሮ በዚህ ገደል ጨው የጫነ መኪና እንዴት እንደተገለበጠ ይነግረኝ ነበር።

ከኋላችን የመጣ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። አባቴ ወሬውን አላቋረጠም፤ መንገድም አልለቀቀም። መኪናው በመጨረሻ በግራ በኩል ታክኮን ሲያልፍ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ተሳደበ።

«የዛሬ ልጆች» አለ አባቴ። «ጥሩምባ እንኳ ሳይነፉ ያልፋሉ።»

የእኔ ጆሮ ሞተሩ ላይ ነበር።

ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ከተማው መግቢያ ላይ ተቀበለን፤ ጃኬታችንን አወለቅን። ጋሽ ወርቁ ጋራዣቸው በራፍ ላይ ፉል በዳቦ እየበሉ ነበር። እሳቸውና አባቴ በወጣትነታቸው አንድ መካኒክ ዘንድ አብረው ረዳት ነበሩ።

«አንተ ሰይድ፣ ልትሸጥልኝ አመጣሃት?»

«ገዝተህ በምን ዓይንህ ልትነዳት? የምትበላውን ፉል እንኳ አታይም!»

አባቴን ዳቦ አስቆርሰው ወደ እኔ ዞሩ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ አወለቁ፤ ድምፁ እንዳለ ነው። ስለዚህ ከዲናሞው አይደለም፤ ከውሃ ፓምፑም አይደለም። ቀጥለው ነዳጅ ወደ አራቱ ፒስተኖች የሚወስዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች በየተራ ማላላት ጀመሩ። አንዱ ሲላላ የእሱ ፒስተን ሥራ ያቆማል። አንደኛው ላይ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲላላ ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ሲያጠብቁት ተመለሰ።

«የሦስተኛው ብሮንዚና ተበልቷል» አሉኝ። ብሮንዚና የፒስተኑ ክንድ ዋናውን ዘንግ የሚያቅፍበት ለስላሳ ብረት ነው። እሱ ሲያልቅ ብረት ብረትን ይመታል።

አባቴ የሁለታችንን አፍ ተራ በተራ አየ። «ምን ይላል?»

ጋሽ ወርቁ ጮክ ብለው ነገሩት።

«ወላሂ አታንኳኳም! በየቀኑ የምነዳት እኔ አይደለሁ?»

ረጅም ካቻቢቴ ሰጡት። የመካኒክ ልማድ ነው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ። አባቴ በቀኝ ጆሮው ሞከረ። ወደ ግራ አዞረው። «ምንም የለም» አለ፤ ድምፁ ግን ቀነሰ።

«በጥርስህ ያዘው፤ በአጥንት በኩል ይሰማሃል» አሉት ጋሽ ወርቁ። «አለቃችን ሲያረጁ ያደርጉት እንደነበረው።»

አባቴ ትንሽ አመነታ። ከዚያ የእንጨት እጀታውን ነክሶ፣ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኖቹን ጨፈነ። አንድ ድምፅ ለመስማት ከሚያስፈልገው በላይ እንዲያ ቆየ። ቀና ሲል እጀታውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ከክረምት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር፣ አባ።»

«እ?»

«ነግሬህ ነበር!» በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። መንገደኞች ዞረው አዩን።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ቅድም ሐረጎ ላይ ያለፈን መኪና ጥሩምባ ነፍቶ ነበር?» አለ።

«አዎ። ደጋግሞ።»

ጋሽ ወርቁ ሞተሩን አጠፉ። ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮ ብሮንዚናውን ብቻ ቀይረው ይሸኙን እንደነበር ነገሩን። አሁን ዘንጉም ሳይጎዳ አይቀርም፤ ይዘናት አቀበቱን ከወጣን ክንዱ ሞተሩን ሰብሮ ይወጣል። አባቴ ቁልፉን ከመኪናዋ ነቅሎ እጃቸው ላይ አኖረው።

«ፍታት» አላቸው። «ብትድንም ግን የምነዳት እኔ አይደለሁም። ሰው እገጫለሁ።»

ጋሽ ወርቁ ቁልፉን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት።

መልስ

መናኸሪያው በር ላይ አባቴ ለእናቴ ከሐርቡ የመጣ ፓፓያ ገዛ። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ በልማድ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ፤ እጀታውን ከነካ በኋላ ተመለሰ። ከኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሐረጎን ስንወጣ፣ ቁልቁል ከሚመጣ መኪና ጋር ኩርባ ላይ በተገናኘን ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

እኔም መንገዱን ሁሉ ሳስብ ወጣሁ። ያንን ማንኳኳት ከክረምት ጀምሮ በየኩርባው ስከታተል፣ ቤታችን ውስጥ ለምን እንደሚጮህ ጠይቄ አላውቅም። ለሞተሩ የሰጠሁትን ጆሮ ለሰውየው አልሰጠሁትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ምን ተገኘባት?» ብላ ጮኸች። አባቴ ፓፓያውን መደብ ላይ አስቀመጠ። እናቴ ብቅ እስክትል ጠብቆ ከጎኑ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ጠጋ በይ» አላት። «አልሰማም እኮ።»

እናቴ ባለችበት ቆመች። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻውን ይዛ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። ጥያቄዋን ይሁን ሌላ ነገር፣ ቀስ ብላ ነው የነገረችው፤ እኔ በሩ ላይ ነበርኩና አልተሰማኝም።