በሁዳዴ የተሰበረው እንቁላል

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ካዛንቺስ ውስጥ ያላሰለቸሁት ሰው አልነበረም። ባዮሎጂ የሚሉት ነገር ያዘኝ፤ በቃ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አስቁሜ ካላስተማርኩ አልለቅም። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ደግሞ አንዷ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ፅንስ መጀመሪያ ላይ ሦስት ስስ ንጣፍ ነው። ከላይኛው ቆዳና አንጎል ይወጣል፣ ከታችኛው አንጀትና ሳንባ። መሃለኛው፣ ሜሶደርም የሚሉት፣ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ኩላሊቱን፣ ደሙን ይሠራል። ልብንም የሚሠራው እሱ ነው። መጽሐፉ ላይ በቀይ ተስሎ አይቼዋለሁ፤ እኔ ግን ስዕል አልበቃኝም፣ ሲመታ ማየት አማረኝ።

ዕድል ደግሞ እዚያው ቤታችን ተኝታ ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ እንቁላል የሚበላ የለም፤ እናቴ ዶሮዋ የጣለችውን ሁሉ ሰብስባ አስታቅፋታለች። ዶሮዋም ከቁም ሣጥኑ ጎን ካርቶን ውስጥ ተኝታ የተጠጋትን ሁሉ ትነቁራለች።

"አንድ ብቻ ስጪኝ" አልኳት እናቴን። "ከታቀፈችው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የጫጩቱ ልብ መምታት የሚጀምረው አሁን ነው።"

"እኔ በሁዳዴ እንቁላል ሰብሬ አላውቅም።"

"አልበላውም እኮ። ማለቴ፣ ላየው ብቻ ነው።"

"ዓይንም ይጾማል" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ታላቅ እህቴ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ትሰማናለች። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ እኛ ጋ ሰንብታለች። እርጉዝ ናት፤ ከቤት ሰው በቀር ግን የሚያውቅ የለም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ የመጣ ለቀስተኛ፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው የለም። "ደም ነው እንጂ ልጅ አይደለም፣ እግዜር ይተካል" አልናት፤ እሷም ተነሥታ ቢሮዋ ገባች። አሁን ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ለአልትራሳውንድ ቢቀጥራትም ቀጠሮውን ስታሳልፍ፣ ስታሳልፍ ከረመች። "ምንም አይመታም ቢሉኝስ?" ትለኛለች፣ ለእኔ ብቻ።

"እኔም ላየው እፈልጋለሁ" አለች ካልጋው ላይ ቀና ብላ።

"አንቺማ ጭራሽ። እርጉዝ ደም ታያለች እንዴ?"

"እማዬ፣ አምሮኛል።"

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እርጉዝ ያማራት ነገር አይከለከልም፣ ከተከለከለች ፅንሱ ይወርዳል እያለች ያሳደገችን ራሷ ናት። እህቴ ሥጋ አማረኝ ብትላት ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ታስፈቅድላት ነበር። እንዲህ ላለው አምሮት ግን መላ አልነበራትም። በገዛ ገመዷ ስትታሰር እኔ ሳቄን ዋጥኩ። "እኔ የለሁበትም" አለችና ዶሮዋን ገፋ አድርጋ አንዱን እንቁላል ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ።

ጎድጓዳ ሳህን በፍል ውሃ አሞቅኩና እንቁላሉን ቀስ ብዬ ሰበርኩበት። አስኳሉ ላይ ቀጫጭን የደም ክሮች ተዘርግተዋል፤ መሃላቸው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ። ትመታለች። ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ። ገና እግር እንኳ የለው፣ ልቡ ሥራ ጀምሯል። የለሁበትም ያለችው እናቴ በትከሻችን ላይ አንገቷን አስግጋ "አንተ ሁሉን የፈጠርክ ጌታ" ትላለች። እኔ ደስ ብሎኝ መሃለኛው ንጣፍ እንዲህ፣ መሃለኛው ንጣፍ እንዲያ እያልኩ እለፈልፋለሁ።

ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ነጥቧ እየዘገየች ሄደች። ከዚያ ቆመች።

እህቴ ዓይኗን አልነቀለችም። "የእኔዎቹም እንዲህ ይመቱ ነበር?" አለች።

መዋሸት አቃተኝ። ሁለቱም የወረዱት ሦስተኛ ወሯ ከገባ በኋላ ነው፤ የሰው ልብ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ መምታት ይጀምራል።

"ይመቱ ነበር" አልኳት።

ፊቷን በእጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ሲወርዱባት አላለቀሰችም ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ "ደም ነው" ትላታለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንደምታደርገው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከእህቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሦስታችንም አለቀስን።

ድምፃችንን የሰማች ጎረቤታችን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አይታ ደነገጠች። "ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?"

"ሁለት የልጅ ልጆቼ" አለች እናቴ።

ጎረቤታችን የራሷንም ነጠላ አዘቅዝቃ አብራን ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። ታክሲ ይዘን ቡልጋሪያ ሄድን፤ እናቴ ነጠላዋን አቅንታ ለብሳለች። ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ስክሪኑን ያያል። የእናቴን እጅ ያዝኩ። እህቴ ግን ግራጫው መሃል ወዳለች ትንሽ ነጥብ ጣቷን ቀሰረች።

"ያውላችሁ" አለች፣ ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት። "ይመታል።"