ጀማል ከአልጋው ሳይነሳ ሊማሊሞን የወረደበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ሰላም የምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደባርቅ ካለው ቤቴ መጣች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "እማማ ሐዋ፣ የወንድምዎን ታሪክ ይንገሩኝና ልቅረጸው" አለችኝ። አከርካሪያቸው ተጎድቶ በየቤታቸው የተኙ ሰዎች አሏት፤ ዳባት አሉ፣ አምባ ጊዮርጊስ አሉ፣ መኪና የማይደርስበት ገጠርም አሉ። እንቅስቃሴ ስታሳያቸው አብረዋት ይሠራሉ፤ ተመልሳ ስትሄድ ግን እንደተኙ ታገኛቸዋለች። "የእኔን ምክር ጠግበውታል። የደረሰበትን ሰው ታሪክ ቢሰሙ ይነሳሱ ይሆናል" አለች።

እኔ ለወሬ የምለመን ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ "ሐዋ ጨው ልትዋስ ከገባች ወጥ ሳያር አትወጣም" ይሉኛል። ያን ቀን ግን ምላሴ ተያዘ። የዳነ ሰው ታሪክ ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁና።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከደባርቅ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ሲመለስ ሰሊጥ ጭኖ ይወጣል። ሊማሊሞን ላላየ ሰው እንዴት ልንገር? ከከተማችን ትንሽ ወጣ እንዳሉ መሬቱ ድንገት ያልቃል። መንገዱ ገደሉን ተለጥፎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ አንዱን መታጠፊያ ሲጨርሱ ቅድም የነበሩበት ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጀማል ያን መንገድ ይወደው ነበር። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ጉም በወረደበት ማለዳ፣ መኪናው ከተራራው ጎን ጋር ተላተመ። በቃሬዛ ተሸክመው ደባርቅ አደረሱት። ጎንደር ታክሞ ሲመለስ ከወገቡ በታች አይሰማውም፣ አይታዘዝለትም።

አባታችን ቀድሞ ሞቷል። እናታችን ነጭ ሽንኩርት ትነግዳለች፤ ገበያ ካልዋለች አንበላም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ፈተናው ሲቃረብ ደብተሬን ዘግቼ እሱን ላስታምም ጓዳ ገባሁ።

የተኛበት ጓዳ የሽንኩርት ጆንያዎቹም የሚከማቹበት ነው። አንዲት መስኮት አለችው፣ እሷም የምታሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መነጋገር እንኳን ይከለክለን ነበር። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ የምጠጣው ውሃ ሳይቀር ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸተኛል። እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ዱካዋ ላይ፣ አጭሯ በርጩማ ላይ ሆነን ይመሽልናል። እሱ መውጣት አይችልም፤ እኔም እሱ ስለማይችል አልወጣም። ከመንገድ ጓደኞቼ እየሳቁ ሲያልፉ ይሰማኛል። ያኔ አጥሚቱን አማስላለሁ፤ ባይፈልግም አማስላለሁ።

ሰኔ ውስጥ ከመቀመጫው በላይ ቁስል ወጣበት። ቁስል ሊያጥብ ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ድሬሰር ጋሽ አስረስ አጥቦ ከጨረሰ በኋላ በረንዳው ላይ ጠራኝ።

"ስሚ ልጄ፣ ይሄ ቁስል አጥንት ከደረሰ ወንድምሽን ይዞት ይሄዳል። መድኃኒቱ እጁ ላይ ነው። ቁጭ አድርጋችሁ ስታስደግፉት በሁለት እጁ ገፍቶ ከፍራሹ ብድግ ይበል። ቀኑን ሙሉ፣ ደጋግሞ።"

ጀማል እምቢ አለ። "ብድግ ብል እግሬን ይመልስልኛል?"

ጋሽ አስረስ ታዲያ ታሪክ ያመጣለታል፤ ከዛፍ ወድቆ ዛሬ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱም የራሷን ትጨምራለች፤ እንደሱ ተኝቶ ተኝቶ በመጨረሻ በልጁ ሠርግ እስክስታ የወረደ የዳባት ሰው። ጀማል "እንኳን ወረደ" ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን እንግዳ ሁሉ ሲወጣ፣ "የዳኑት ሁሉ እኛ ቤት የሚሰበሰቡት ምን ፈልገው ነው?" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ጠያቂ አይጠፋም ነበር። እስላሙ "አላህ ያሽርህ" ብሎ ይገባል፣ ክርስቲያኑ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ይገባል፤ ተቀምጦ ትንሽ ይተክዝና "ለመሆኑ እንዴት ሆነ?" ይላል። እናቴ ጀማል እንዲመልስ አትተወውም። "እሱን አታስታውሱብኝ" ትልና ራሷ ትተርከዋለች፤ ጉሙን፣ ግጭቱን፣ በቃሬዛ ተሸክመው እንዴት እንዳወጡት። በመሃል ታለቅሳለች፣ ጠያቂውም ያለቅሳል። ይህ እኛ ዘንድ መተዛዘን ነው፤ የተጎዳን ሰው ጉዳቱን በገዛ አፉ ማስደገም እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ጀማልም እዚያው ተኝቶ የሩቅ ሰው መርዶ እንደሚሰማ ያዳምጣል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት እናቴ ገበያ ሳለች እትዬ ስንዱ ከዳባት የመጣች እህቷን ይዛ መጣች። እንግዳዋ "እንዴት ሆነ?" ስትል ተራኪዋ እኔ ሆንኩ። መቼስ ለወሬ አልሰንፍም። ድምፄን እንደ እናቴ አለስልሼ ጀመርኩ።

"ከዚያ የመጀመሪያው ትልቁ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረና..."

"ወደ ግራ" አለ ጀማል፣ ፊቱ እንደዞረ።

"ወደ ቀኝ አይደል እንዴ?"

"ወደ ቀኝማ ካዞርሽው ገደል ገባሽ! አሁን አንቺን ማን ተራኪ አደረገሽ?" ብሎ ዞረ። በአንድ ክርኑ ተደገፈ፤ ሌላኛው እጁ አየር ላይ ወጣ። "ይኸውልሽ፣ ይሄ ተራራው፣ ይሄ ገደሉ። መጀመሪያ ማርሽ ትቀንሻለሽ። ከዚያ እንዲህ... ቀስ ብለሽ... እንዲህ!"

ከጎንደር ከመጣ ወዲህ እጁ ያን ያህል ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ስንዱ "ውይ ልጄን! አትድከም፣ ተኛ፣ ተኛ" ብላ ትራሱን ልታደላድል ተነሳች። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆን ብዬ አበላሽቼ መተረክ ያዝኩ። ድልድይ በሌለበት ድልድይ እሠራለሁ። ዳገት ላይ ፍሬን አስይዘዋለሁ። ጀማል ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ "አንቺ መንጃ ፈቃድ ብታወጪ አገር ያልቃል" ይላል፤ ከዚያ በእጁ ያርመኛል። ጀርባውን በሽንኩርት ጆንያ አስደግፌ አስቀመጥኩት፣ ወንፊቱንም መሪ ይሁንህ ብዬ ሰጠሁት። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ልጇ ወንፊት ጨብጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጋደል አገኘችው።

"በአላህ! በዱቄት ወንፊቴ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ዘወር በይ እናቴ፣ መንገድ ዘግተሻል" አላት።

አቤት የሳቀችው ሳቅ! ወዲያው ደግሞ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ወሬው ተሰማ፤ ገበያ የመጣ ሁሉ የተቀቀለ ድንቹን በአዋዜ ይዞ "እስቲ ዛሬ አውርደን" እያለ ይገባል። ጀማል ማርሽ ይቀንሳል፣ ወገቡን በእጁ ኃይል ይዞ በየመታጠፊያው ይጋደላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ግን ሁልጊዜ አንዲት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወንፊቱን ይመልስልኛል። "በቃ፣ ደክሞኛል" ይላል። ከዚያች መታጠፊያ ወዲያ ወርዶ አያውቅም።

ቁስሉም አልጠገገም። ጋሽ አስረስ ክንዱን ዳስሶ ተደሰተ፤ ጀርባውን ገልጦ ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ክንዱ በርትቷል። ነገር ግን አሁንም ቁስሉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከፍራሹ መነሳት አለበት። ቶሎ።" ብድግ በል ስንለው ደግሞ ያችኑ መልሱን ይሰጠናል፤ እግሬን ይመልስልኛል ወይ? ሌሊት ቁስሉ ሸቶኝ እነቃ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ እንኳን አይሸፍነውም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቀን፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጀማል እንደ ልማዱ እዚያች መታጠፊያ ላይ አቆመና ወንፊቱን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

"ከዚያ ዛሪማ ገባህ" አልኩት። "ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ሁለት ብርጭቆ..."

"አልገባሁም።"

"ገባህ እንጂ። ከዚያ ሰሊጥህን ጭነህ..."

"ሐዋ!" ወንፊቱን ወረወረው። "አልደረስኩም እኮ ነው የምልሽ! አልደረስኩም!"

ፈራሁ። ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ። "ታዲያ የት ሄድክ፣ አያ?"

ከጣሪያው ጠርዝ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

"ወደ ላይ" አለ በመጨረሻ። "በቃሬዛ ወደ ላይ። መንገዱ ይረዝማል ብለው በአቋራጩ፣ በእግረኛው አቀበት ያዙኝ። ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ጭንቅላቴ ወደ ላይ፣ እግሬ ወደ ታች፤ ጭቃው ያንሸራትታቸዋል፣ እኔም ከቃሬዛው ላይ ቁልቁል እንሸራተታለሁ። እናታችን ተሸክመው አወጡት ትላለች። ጠያቂው ሁሉ ተሸክመው አወጡት ይላል። እኔስ? ለቅቄ ቢሆን ኖሮ ገደል ውስጥ ነበርኩ። ሁለቱን የቃሬዛ አጠና በእነዚህ እጆቼ ይዤ፣ ሰውነቴን ወደ ላይ እየሳብኩ፣ እንዲህ አድርጌ..."

የአልጋውን ሁለት ጠርዝ ጨበጠ። ክንዶቹ ቀጥ አሉ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ከፍራሹ ተነሳ። በእሱና በአንሶላው መካከል የመስኮቷ ብርሃን ሲያልፍ አየሁ።

"እንዲህ ይዤ ነው የወጣሁት" አለ ጥርሱን ነክሶ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል።

ቀስ ብሎ ተቀመጠና አየኝ። "ምን አፈጠጥሽብኝ?"

"ብድግ አልክ እኮ፣ አያ።"

እጆቹን ገልብጦ አያቸው። እንደማያለቅስ ሰው ፊቱን በመዳፉ ጠረገና፣ "አቀበቱ አላለቀም፤ ገና ከግማሽ በታች ነን" አለኝ። ከዚያ እንደገና ጨበጠ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ትተን በየቀኑ አቀበቱን ወጣን። እጁ ሲዝል "እዚህ ጋ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ቀየሩ" ይልና ያርፋል። የቁስሉ ጠርዝ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠበበ፤ አዲሱ ገብስ ሲታጨድ ገጠመ። ጀማል ዳግም በእግሩ አልሄደም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ተቀመጠ። በመንገዱ በኩል ትንሽ ሱቅ ከፍተንለት ዕድሜ ጠግቦ፣ በሚያልፈው ሹፌር ሁሉ እየተቆጣ ኖረ። ከሞተ ጥቂት ዓመት ሆነው።

ያኔ፣ ከዚያ ክረምት በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ተከፈተ። "ሂጂ እንጂ" አለኝ ጀማል። ግን ወደ ወንበር የሚያሻግረው ማን ነው? ውሃ የሚያቀብለውስ? "ለከርሞ" አልኩ። ለከርሞም ለከርሞ አልኩ። ማንበብን ያጠነከርኩት ስኳር በምንጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ መጨረሻውን ሳላገኝ የቀረሁት ወሬ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። "አሰሚያቸው" አልኳት፣ "ከዚያ ግን ስልኩን ዝጊና እነሱን ጠይቂ። እናትየው ልትመልስልሽ ስትል ወደ ውጭ ላኪያት።" ራሷን ነቀነቀች። የምትዞርበትን አገር ስፋት አውቀዋለሁ፤ ቁጭ ብላ የምትሰማበት ጊዜ ይኖራት እንደሆነ እንጃ።

ልትነሳ ስትል ጠየቀችኝ፤ "እርስዎስ፣ እማማ? ያ ክረምት ለእርስዎ እንዴት ነበር?"

ቤታችን ያን ሁሉ ጠያቂ ሲያስተናግድ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። የጀማልን መንገድ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በቃሌ አውቀዋለሁ። የራሴን ግን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። "የእኔማ ምን አለው" ብዬ ለማለፍ ሞከርኩ። ልጅቷ ግን ስልኳን ከጠረጴዛው አላነሳችም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ" አልኳት።