ሁለት ጣቢያ የምትከፍተው አክስቴ

የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ ጊዜ አክስቴ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ከሺሺንዳም ከዋጫም በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ኮረሪማ የገባበትን ሻይዋን ሳይጠጣ ወደ ጉዳዩ አይሄድም። የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮኗን ከፍ ታደርጋለች፤ ያኔ ብርጭቆ ያንኳኳ ሰው ወዮለት። የእኛ ጣቢያ ይህን ያህል የጠላት ጦር ተደመሰሰ ባለ ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።

አክስቴ አታጨበጭብም። አንድ ልጇ ግንባር ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰንብቷል። እሷ የምትፈልገው ልጇ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ዜናው እንዳለቀ እጇን በሽርጧ ጠረገችና የሬዲዮኑን ቁልፍ ቀስ እያለች ታዞር ጀመር። መጀመሪያ ዘፈን መጣ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የጠላት ጣቢያ በጠራ አማርኛ። እዚያም ድል በድል ነው፤ ተደመሰሰ የሚባለው ግን የእኛ ጦር ነው። አንድ ነጋዴ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

"አክስቴ፣ ምን ነካሽ?" አልኳት። አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩና ለሥራዬም ፈራሁ።

"የእኛዎቹ የነሱን ሬሳ ይቆጥራሉ፤ እነሱ ደግሞ የእኛን። ታዲያ እኔ የልጄን ነገር ከማን ልስማ?"

ስለ ጦርነት ዜና ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ጣቢያ በየተራ መክፈት ልማዷ ሆነ። ጠላትን አምና እንዳይመስላችሁ፤ ማንንም አታምንም። ሁለቱም ስሙን የጠሩት ቦታ ካለ ግን፣ እዚያ በርግጥ ሰው አልቋል ትላለች። ደንበኞቿ ሲያጨበጭቡም፣ "ቀስ በሉ እንጂ፤ እዚያም አንዷ ልጇን ፍለጋ የእኛን ጣቢያ ከፍታ ይሆናል" ትላቸዋለች። እጃቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅደሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ዝናብ እየተንጠባጠበበት መጣ።

"እትዬ፣ እዚህ ቤት የጠላት ፕሮፓጋንዳ ይነዛል ተብሏል። ሬዲዮኑን ያስረክቡ፤ አለዚያ ቤቱ ይታሸጋል።"

ያ ቤት ቢታሸግ መተዳደሪያ የላትም። እሷ ግን ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ውሰደው። ግን በየሳምንቱ እየመጣህ ልጄ መኖሩን አንተ ትነግረኛለህ።"

ሰውየው ሬዲዮኑን አየት አደረገና ተወው። ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ወጥቶ ሄደ። ሬዲዮኑም እዚያው ቀረ፣ ቤቱም አልታሸገም። እንዴት እንደኮራሁባት! ደንበኛ ባይኖር ኖሮ አቅፌ እስማት ነበር። እሷ ግን በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር እያጉረመረመች ብርጭቆዋን ማጠብ ጀመረች።

ልጇ ጦርነቱ ሲያበቃ እያነከሰ ተመልሷል፤ የዚያን ቀን እልልታዋ ሰፈሩን አናውጦታል። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ግን ከዚያ በፊት፣ የእሱ ወሬ ገና ሳይሰማ የነበረ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። ማኅደር አልያዘም። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እትዬ፣ ያ ጣቢያ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?" አላት።

ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ! የት ሄደ ያ ፕሮፓጋንዳ ልለው ስል አክስቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ወንበር ጠረገችና ሬዲዮኑ አጠገብ አስጠጋችለት።

"ማን ሄደብህ?" አለችው።

"ታናሽ ወንድሜ።"