«በሞቴ» የማይል ቢሮ

ዛሬ የሙከራ ፈተና ላይ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ለጥፌ ጉንዳን የሚያክል ፊደል ስለቅም ሁለት ሰዓት አለቀ።

ዓይኔ ደካማ ነው። በትልቁ የታተመ ወረቀትና ኤክስትራ ታይም በሕግ ይገባኛል። የማጠናውም ሕግ ነው፤ አትሳቁ።

እንደወጣሁ በቀጥታ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቢሮ ሄጄ «ለምን ከለከላችሁኝ?» አልኩ። ሠራተኛዋ ፋይሌን ቼክ አድርጋ፣ «ትምህርት ስትጀምሪ ጠይቄሽ 'አይ፣ አትቸገሩ' ብለሽኛል» አለችኝ።

ብያለሁ። እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር ብወለድም እናቴ ያሳደገችኝ «ሰው ቤት የቀረበልሽን ሁለቴ እምቢ በይ፣ በሦስተኛው ተቀበይ» እያለች ነው። ይቺ ፈረንጅ ግን አንዴ ጠይቃ ፋይሉን ዘጋችው። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ።

እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ ሁለተኛውን ልመና ስጠብቅ ነበር።

«መብትሽ እኮ ነው። ለዋናው ፈተና ላስተካክልልሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ እንዳላስቸግ...» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። «አዎ። የጠረጴዛ መብራትም ጨምሪልኝ።»

እናንተስ በይሉኝታ ያስቀራችሁት መብት አለ? ጻፉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም አንዴ ብቻ ነው የምጠይቀው።