ምላጭ እና የሰፈራችን መላጦች

በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም ምላጭ ነው የምንላት። ግማሹ በሥራዋ፣ ግማሹ በምላሷ ምክንያት ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ዕቃ ሊገዛ እንደሄደ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋውና ከወዲያ ማዶ ቀረ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። ስለዚህ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ፀጉር ቤቱም ታናሽ ወንድሟም እጇ ላይ ወደቁ። ፀጉር ቤቱ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ወንድሟ ነው።

ወንድሟን ቀውላላው እንለዋለን። እኩያዬ ነው፤ ሁለታችንም አሥራ አምስት ሞልቶን ነበር። እኔን ያየ ሰው «ማሙሽ» ይለኛል፣ እሱን ያየ ደግሞ ስንት ልጆች እንዳሉት ይጠይቀዋል። በደጉ ጊዜ ስንስቅበት ኖረናል። አፈሳ ሲጀመር ግን ቁመት ወንጀል ሆነ። ወታደሮቹ በመኪና እየመጡ፣ ደርሷል ያሉትን ወንድ ከመንገድም ከቤትም እየለቀሙ ወደ ግንባር ይጭናሉ። መታወቂያ ብታሳያቸው አያነቡልህም። የሚያዩት ከንፈርህ ላይ ነው፤ ጢም ካቆጠቆጠ አለቀልህ።

ምላጭ ዘዴዋን ያመጣችው ያኔ ነው። የተላጨ ጢም ጥቁር ጥላ ስለሚተው፣ ሴቶች ቅንድባቸውን በሚያስነቅሉበት ክር ከሥሩ ትነቅልልን ጀመር። ራሳችንን ደግሞ ሙልጭ አድርጋ ትላጨናለች፤ መላጣ ጎረምሳ ልጅ ይመስላል ብላ። ክሩ እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል! ሰፈር የሚያሸብሩ ጎረምሶች እዚያ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አልቅሰዋል። የኔም እንባ ዱብ ዱብ ሲል «ዝም በል፣ ጥይት ከዚህ ይብሳል» አለችኝ። ማባበል አታውቅም። ሲቆጠቁጠኝ ቆይቶ ስትጨርስ ግን አገጬን በመዳፏ ይዛ ትንሽ አየችኝ፤ እናቴ እንኳን በዚያ ሰሞን እንደዚያ አላየችኝም።

እምቢ ያለው ቀውላላው ብቻ ነው። አፍንጫው ሥር ብቅ ያሉትን ጥቂት ፀጉሮች በመስታወት ሲያይ የሚውል ልጅ፣ «እንደተነጨ ዶሮ አልሆንም» አለ። እሷም ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከመጋረጃ ኋላ ደበቀችው። ቂጡ የማያርፍ ልጅ ደብቆ መኖር ደግሞ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ በርጩማውን ይመታል። «እዚህ ከምበሰብስ ግንባር ይሻለኛል» ሲል በፎጣ ትለቀዋለች። በመካከላቸው አንድ ምልክት ነበራቸው፤ እሷ ከሳለች እሱ ንቅንቅ አይልም። ሰው በገባ ቁጥር ትስላለች። ደንበኞቿ ሳንባዋን ታማለች ብለው ያወሩ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ መቶ አለቃ ሁለት ወታደሮች በሩ ላይ አቁሞ ገባ። ይህን ኋላ እሷ ናት የነገረችኝ። እንደ ልማዷ ሳለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ፀጥ አለ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ጢሙን እንድትላጨው አዘዘ። አረፋውን ቀብታው ምላጩን ስታሳርፍ ጨዋታ አማረው።

«እጅሽ ለስላሳ ነው፣ እህቴ። የሰፈሩን ልጆች የምትላጪው አንቺ ነሽ አሉ?»

«ቅማል አስቸግሯቸው ነው፣ ጋሼ።»

መቶ አለቃው ሳቀ። «ቅማሉ ዕድሜ ይመርጣል እንዴ? የሰባት ዓመቱ ጎፈሬውን አንጨባሮ ይሮጣል፣ አሥራ አምስት የሞላው ብቻ መላጣ! እኛንም እኮ እናት ናት የወለደችን፤ ይገባናል። ከእንግዲህ ጢም አንፈልግም። ዛሬ የምንለቅመው መላጣውን ነው። መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ እኔ እንደተላጨሁ እንጀምራለን።»

መላጨቷን ቀጠለች። ላድናቸው ብላ በገዛ እጇ ምልክት አድርጋብናለች። ሄዳ እንዳትነግረን በሩ ላይ ሁለት ጠብመንጃ ቆሟል። ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ የጓሮው በር ሲጥ ሲል ሰማች። ቀውላላው ሁሉንም ሰምቶ ሊነግረን እየወጣ ነው።

አንድ ጊዜ ብትስል ኖሮ ይቆም ነበር። «ሳሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ መቶ አለቃውን ወንበሩ ላይ ማቆየት ሆነ። የላጨችውን ጉንጭ መልሳ አረፋ ቀባች። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራ ፊቱን ሸፈነች። የጆሮውን ፀጉር፣ የአፍንጫውን፣ የማጅራቱን ለቀመች፤ ትከሻውንም አሸችው። ሰውዬው ሸለብ አደረገው። «አንገቱን ሳየው ብዙ ነገር አሰብኩ» ትላለች፤ ምን እንዳሰበች ግን አልጠየቅኳትም።

ቀውላላው አጥራችንን ዘሎ ሲገባ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «መላጣ እየለቀሙ ነው፣ ውጣ!» አለ። እናቴ እጁን ያዘችው፤ «አንተስ የኔ ልጅ? ከሱ ጋር ተደበቅ» ብትለው «እኔ ፀጉር አለኝ፣ እትዬ» ብሎ እየሳቀ አጥሩን ተሻገረ። የታሰረ ልጅ የተፈታ ይመስል ነበር። እኛ መላጦቹ እግሬ አውጪኝ ብለን ከመንገዱ ሥር ባለው የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ገብተን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበን ዋልን።

በዚያ ቀን አንድም መላጣ አልተያዘም። ቀውላላውን ግን የመጨረሻዋን በር አንኳኩቶ ሲመለስ ቅያሱ ላይ ያዙት። ወታደር የሚሮጥ ረጅም ልጅ ካየ ፀጉሩን አይመረምርም።

ሰፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ይህን ያለችው የጎረቤት ሴት፣ የገዛ ልጇ ቱቦው ውስጥ ከጎኔ ነበር! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴ ልታመሰግናት ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ምላጭ «ግቢ እንጂ፣ እትዬ» ብላ ወንበር ሰጠቻት። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ተከፈተ። ለሚመጣው ወታደር ሁሉ «ረጅም ልጅ አላያችሁም?» ትላለች። የሚመልሱላት ወይ በሳቅ ነው፣ ወይ ራሳቸውን በመነቅነቅ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን እኔም እዚያው ሆኜ፣ የሚላጭ ነገር የሌለው ወታደር መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የደንብ ልብሱ እጅጌ ጣቶቹን ውጦታል፤ አነጋገሩም የሩቅ አገር ነው። እንደ ልማዷ ጠየቀችው። አላየም። ምላጩን አስቀምጣ ፊቱን በመስታወት ታየው ጀመር።

«እህት አለችህ?»

«አንድ አለችኝ።»

«የት እንዳለህ ታውቃለች?»

«ስልካችንን ሰብስበውብናል።»

«ቁጥሯን ንገረኝ።»

ኔትወርክ በዚያ ሰሞን ብልጭ ድርግም ይላል። ምላጭ መንገዱ መሃል ወጥታ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ስትዞር፣ ልጁ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሲጠራ ሰማን። አንዲት ሴት አነሳች።

«አታውቂኝም» አለች ምላጭ። «ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወንድምሽ እኔ ጋ ነው፤ በሕይወት አለ፣ ትንሽ ከስቷል። ቆይ አታልቅሺ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ላገናኝሽ።»

ስልኩን ለልጁ ሰጥታ ወደ እኔ መጣች። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ያየኋት። «የኔንም አንዷ ትላጨው ይሆናል» አለች፤ «ቁጥሬን በቃሉ ያውቀዋል እኮ።»