ያልተፋቀው ሽቦ

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሳይንስ ያስተማረችው የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ነው። የቤታችን ዕቃም አብሯት ትምህርት ቤት ይውል ነበር። አንድ ቀን ሻይ ላፈላ ተነስቼ ማጥለያውን አጣሁት።

«ማጥለያው የት ሄደ?»

«አራተኛ ክፍል ገብቷል። ጠጠርና አሸዋ እየለዩበት ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ካለፈ፣ ዓመቱ ሲያልቅ። ከወደቀ ይደግማል።»

ሻዬን ከነቅጠሉ ጠጣሁ። አሁን ማጥለያው ሁልጊዜ ከቦታው አለ።

ልጆቹ በሌለችበት «ቲቸር ንኩት» ይሏት ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ሌሎቹ መምህራን ዕቃ ሲያሳዩ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው «እንዳትነኩ» ነው። እሷ ማግኔትም ይሁን ቀንድ አውጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ንኩት» ትላለች።

ከሕንፃው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻት። ውስጧ ጣሳ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ቆርኪና የተፈታታ ሬዲዮ ሞልቶባት ነበር። አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመጣ ግን ክፍሏ አልተዋጠችለትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የሚያከማችበት ቦታ ቸግሮታል።

«መምህርት፣» አላት፣ «ልጆቹ እዚያ ሲጫወቱ ነው የምሰማው፤ ሲማሩ አልሰማሁም።»

«መጥተው ይዩና ይፍረዱ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ። ካላሳመኑኝ ዓርብ ወንበሮቹ ይገባሉ።»

ረቡዕ ከሥራ ስትገባ የተቃጠለውን የቤታችንን ቬንትሌተር ፈታችና ከሞተሩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ታወጣ ጀመር። ከባትሪ ድንጋይና ከትንሽ አምፖል ጋር አያያዘችው። አልበራም። ገልብጣ ሞከረች። አሁንም እምቢ አለ። ሽቦውን ወደ መስኮቱ አቅርባ አየችውና ብቻዋን ሳቀች።

«ቫርኒሽ ለብሷል» አለችኝ። «መዳቡ ባትሪውን አልነካውም፤ አየህ?»

ሁለቱን ጫፎች በቢላዋ ፋቀቻቸው። አምፖሏ ቦግ አለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ከእጄ አይርቅም። «ተገላገልሽ፤ በይ አምጪ፣ የቀረውን እኔ ልፋቅልሽ» አልኳት።

«ተው፣ እንዳትነካው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዳትነካ ማለት የጀመርሽው?»

«ያልተፋቀውን ነው የምወስደው።»

«ሰውየው እያየ? ክፍልሽን ሊወስድብሽ እኮ ነው የሚመጣው።»

«የሚበራውን ብወስድላቸው ያጨበጭባሉ፣ በቃ። ለምን እንደማይበራ ራሳቸው ካገኙት ግን ማን ያስረሳቸዋል?»

«ካላገኙትስ?»

ያልተፋቀውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሥራው አልገፋ አለኝ፤ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ክፍል ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ካረፈች በኋላ ርዕሰ መምህሩም ሊያጽናናኝ መጥቶ ደግሞልኛል።

ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ሽቦውን አያያዙ። አንድም አምፖል አልበራም።

«ቲቸር፣ ድንጋዩ ሞቷል።»

«ቀይሩታ።»

ቀየሩት። «አምፖሉ ነዋ የተቃጠለው።»

«ከጎረቤት ተዋሱ።»

«ጎረቤትም ጨለማ ነው፣ ቲቸር።»

ክፍለ ጊዜው ተጋመሰ። ርዕሰ መምህሩ ጠጋ ብሎ «መምህርት፣ ይንገሯቸው እንጂ» አላት። አዝኖላት ነበር።

«ከነገርኳቸው የእኔ ይሆናል» አለችው።

ሰዓቷን ግን ደጋግማ ታይ ነበር። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ሰልችቷት የሽቦውን ጫፍ ከጠረጴዛው ሚስማር ጋር ታፋትገው ነበር።

«አታበላሺው እንጂ» አላት አጠገቧ ያለው።

«አላበላሸሁትም። እዚህ ጋ መልኩ ተለወጠ፣ እየው።»

«እስኪ በሱ በኩል አስነኪው።»

አስነካች። አልበራም። ልጁ ሊስቅ ሲል እሷ ሽቦውን አገላብጣ አየችና ሌላኛውንም ጫፍ መፋቅ ጀመረች። ማንም ፍቂ አላላትም። እንደገና አያያዙት፤ በራ።

«ቲቸር፣ ሽቦው ልብስ ለብሶ ነው» አለች ልጅቷ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሁሉ ፋቂ ሆነ። ርዕሰ መምህሩም ከነሱፉ ተንበርክኮ በቢሮው ቁልፍ ሲፍቅ ደወል ተደወለ፤ ማንም አልወጣም።

ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ ስለ ልጅቷ ታወራኝ ጀመር፤ እንዴት እንደያዘችው፣ ምላሷን በከንፈሯ ዳር እንዴት አውጥታ እንደምትፍቅ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩና አላስቻለኝም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ክፍሉስ?»

«የቱ ክፍል?»

«ያንቺ ነዋ። ወንበሮቹስ?»

«እሱማ አለቀ፤ ከቢሮዬ ጓሮ አደርጋቸዋለሁ ብሏል» አለችኝና ስለ ልጅቷ ቀጠለች።